አስካል ደጃፍ የተጻፈው ወርቅ

የዓይን ሞራችንን ያስገፈፍን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ በማግስቱ ፋሻው እስኪፈታልን ድረስ በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። ሁላችንም አንድ አንድ ዓይናችን ታስሯል፤ በቀረችን ደብዛዛ ዓይን የሐኪሙን በር እንጠብቃለን። ማለዳ ስለነበር ከሐይቁ በኩል ብርድ ይመጣል። ነርሷ ስማችንን እየጠራች ስትመዘግብ የኔ ተራ ደረሰና "አቤት፣ አለሁ" አልሁ። ይህን ጊዜ ከአጠገቤ የተቀመጠች፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች ሴት ወደ እኔ ዞረች።

"ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች። "እርስዎ አሸዋ ለቃሚው ታደሰ አይደሉም? ከወንድሜ ከውበት ጋር ቤቴ ገብተው እህል የቀመሱት?"

"የትኛው ውበት?" አልኋት፤ የትኛው እንደሆነ ግን ገና ስሙን ስትጠራው አውቄአለሁ።

"የደን ጠባቂው ነዋ! እኔ አስካል ነኝ፤ እህቱ። መልክዎንማ በዚህ ዓይኔ የት ለይቼው። ድምፅዎ ግን ያው ነው፤ አልሸመገለም።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህችን ሴት ከመንገድ እንዳላገኛት ስጸልይ ኖሬአለሁ። ገበያ ውስጥ ከዚያ አገር የመጡ ሴቶች ማርና ቅቤ ይዘው ተቀምጠው ሳይ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አሁን ግን ዓይኔ ታስሮ፣ ስሜ ተጠርቶ፣ ወዴት ልሂድ? እንደ ደንቡ ሰላምታ ተለዋወጥን። ጤናዋን ጠየቅሁ፤ ከብቱን፣ ዝናሙን ጠየቅሁ። ልጆቿን መጠየቅ ፈርቼ ነበር፤ ሳይጠይቁ መቅረት ደግሞ ነውር ነው።

"አንድ ነው ያለኝ" አለች። "ሙላት። ያን ቀን ጀርባዬ ላይ አዝዬው ያየኸው። ይኸው እሱም ጎልምሷል።" ሳታስበው ከእርስዎ ወደ አንተ ተሻገረች፤ ደስ ብሏት ነበር።

"ምን ይሠራል?"

"የአባቱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ዘንድሮ የወርቅ ዋጋ ሰማይ ነክቷል አሉ። ፈንታ ሁለት ክንድ ሲቀረው ነው የሞተው፤ ያችን ሁለት ክንድ እኔ እጨርሳታለሁ ብሎ ገብቶበታል።"

ፈንታ ባሏ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ብዙውን አልሰማሁትም፤ ልቤ ወደዚያ ዘመን ሸሽቶ ነበር።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር በብስክሌት ዞረው የሚጨርሷት ከተማ ነበረች። እኔ ዛሬ የምኖርበት ዘንዘልማ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበር፤ አሁን ባጃጅ እስከ በራፌ ይመጣል። ማለዳ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጡሩንባ ሲነፋ ሴቶቹ ሠራተኞች ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር በብስክሌት ይጎርፋሉ፤ እነሱን ማየት ራሱ ቁርስ ነበር። እኔ ዘመኑ ያለፈበት ቤልቦተም ሱሪ ነበረኝ፤ ሰንበት ሰንበት እሱን ለብሼ፣ ሸራ ጫማዬን በኖራ አንጥቼ፣ ከሐይቁ ዳር ወዲህና ወዲያ እል ነበር። የማዕድን ፍለጋ መሥሪያ ቤታችን ታንኳዎቹ ከሚወጡበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ፊት ለፊቱ አምባዛ የሚጠበስባት ደሳሳ ቤት ነበረች፤ አሳው ከነዳቦው በአንድ ብር ከስሙኒ። ከጥጉ የካሴት መሸጫ አለ፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያንኑ አንድ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ወደ ቀትር ላይ ቴፑ ሲግል የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ልቅሶ ይመስል ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የሐጂ ሰዒድ ሱቅ ነው። አቡጀዲ፣ ሲባጎና ኮፒያ እርሳስ የምንገዛው ከሳቸው ነበር። ኮፒያ እርሳስ ምራቅ ሲነካው ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ቁጥር ስንጽፍ እንልሰው ነበርና እኛን ሰው በምላሳችን ቀለም ነበር የሚለየን። "ልጆች፣ ይህን ሁሉ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ ለማን ልትሸጡት ነው?" እያሉ ሐጂ ይስቁብን ነበር።

ሥራዬ ናሙና መሰብሰብ ነው። አለቃዬ በካርታው ላይ ምልክት ያደርግልኛል፤ እኔ ምልክቱ ያለበት ወንዝ እወርድና አሸዋውን ከሥሩ ዝቄ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ከአቡጀዲ ከረጢት ከትቼ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ከረጢቱ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሄዶ በውስጡ ወርቅ ይኑር መዳብ ይኑር ይነገረናል። አልፎ አልፎ ደግሞ እዚያው ወንዙ ዳር ትንሹን በገበቴ አጥቤ አየዋለሁ። ለዚህ ሥራ በኮንትራት ነበር የተቀጠርሁት፤ ኮንትራቱ በየስድስት ወሩ ያልቃል፤ ባለቀ ቁጥር አለቃዬን ፊቱን እያየሁ እኖር ነበር።

ያን ዓመት ከጣና በስተ ምዕራብ ወደ ቆላው ወርዶ ባለ አንድ ጥብቅ ደን ውስጥ እንድናጠና ታዘዝን። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ደኑ እንዲሁ በስም ተጠብቆ ይኖር የነበረ ነው፤ አሁን በሕግ ለዘለዓለሙ ሊከለል ሆነ። ከመከለሉ በፊት ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ይታወቅ ተባለ። ምንም ከሌለ ይዘጋል፤ ካለ ደግሞ ይታሰብበታል። "ይታሰብበታል" ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ላንድሮቨራችን መሸንቲን አልፎ ወደ ቆላው ሲታጠፍ ከኋላ ተቀምጬ እዘፍን እንደነበር ትዝ ይለኛል። ወጣት ነበርሁ፤ ዱር ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ውበት እዚያ ነው የተቀበለን። የደኑ ጠባቂ ነው፤ ከኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛልና አያ ውበት እለዋለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከመንግሥት የተሰጠው አረንጓዴ ካፖርት ቁልፉ ሁሉ ረግፎ ወገቡን በልጥ የሚታጠቅ ሰው ነበር። ጫካው ውስጥ ሲሄድ ኮቴው አይሰማም። ድኩላ ሲያይ ቆሞ እስክታልፍ ይጠብቃታል፤ መንገዱ የሷ ነው ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አለቃችን አቶ ተስፋዬን ወባ ጣለውና ከድንኳን ቀረ። በቀሩት ምልክቶች እኔና አያ ውበት ብቻችንን ዞርን።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሽመል ከሚባለው የቆላ ቀርከሃ ደን መሐል የምትወጣ ትንሽ ውሃ ላይ ነበር። ጥልቀቷ ከጉልበት አያልፍም። በዙሪያዋ ባለው ጭቃ ላይ እንደ ሰፌድ የሰፋ ዱካ ታትሟል።

"የዝሆን ነው" አለኝ። "በበጋ ከበረሃው ማዶ ይመጣሉ፤ ከዚህች በቀር የሚጠጡት የላቸውም። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለኔ አሳየኝ። ከሰው አራተኛው አንተ ነህ።"

አሸዋውን ዘቅሁ። ከረጢቱን ሞልቼ ቁጥር አርባ ሰባት ብዬ ጻፍሁበት። ከዚያ የተረፈውን ገበቴው ላይ አድርጌ ማሽከርከር ጀመርሁ። ጥቁሩ አሸዋ ወደ ጠርዙ ሲሸሽ ከሥሩ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነ ብጫ መስመር ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

"ምን አየህ?" አለኝ።

"ወርቅ ነው አያ ውበት። ደግሞም ብዙ።"

ከነካፖርቱ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

"አንተ ከሄድህ በኋላ እዚህ ማን ይመጣል?"

"መጀመሪያ ሌሎች አጥኚዎች። ከዚያ..."

"ከዚያ ቆፋሪ።"

"አዎ።"

"ታዲያ እነዚህ የት ይጠጡ?" ዱካውን በእጁ አሳየኝ። "ታደሰ፣ እኔ ልጅ የለኝም። ሚስቴን ወባ ወሰዳት። በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ይህች ውሃና አንዲት እህት ናቸው። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ይህችን ውሃ አትጻፍብኝ።"

"አልጽፋትም።"

"ማልልኝ።"

"ማርያምን፣ አልጽፋትም።"

በማግስቱ ስንወጣ፣ ከጥብቁ ደን ወዲህ ባለው የገበሬ አገር የእህቱ ቤት ነበርና እዚያ አሳረፈን። አስካል ገና ልጅ እግር ናት፤ ሕፃኗን አዝላ ትኩስ ዳቦና ጠላ አቀረበችልን፤ ባሏ ፈንታ በሬዎቹን ፈትቶ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ፤ ሳቂታ ሰው ነበር። አለቃችን ትኩሳቱ ቀለል ብሎት ግድግዳ ተደግፎ ካርታውን ያይ ነበር። "ከዚህ ቤት በታች ካለው ጅረትም አንድ ውሰድ፤ ምልክት አለበት" አለኝ። ወርጄ ወሰድሁ። ቁጥር ስልሳ ሁለት። ሕዝቡ ከብት የሚያጠጣበት ተራ ጅረት ነው።

ባሕር ዳር ስንመለስ ከረጢቶቹን ከመጋዘኑ ፊት ሸራ ዘርግቼ ፀሐይ አሰጣኋቸው። ከማሸጋችን በፊት አሸዋው መድረቅ አለበት። ሦስት ቀን ከነሱ ጋር ተቀመጥሁ፤ ሻላ ወፎቹ ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ካሴቱ ይዘፍናል፤ እኔ ቁጥር አርባ ሰባትን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ ሐይቁ እኮ አሥር እርምጃ ላይ ነበር፤ ለምን አሸዋውን ከዚያ አልደፋሁትም? ሌላ አሸዋ ሞልቼ ብመልሰው ማን ያውቅብኝ ነበር? ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይቆጥራቸው ነበር፣ ፈራሁ ብያለሁ። እውነቱ ግን እሱ አይደለም። አለቃዬ ያን ሰሞን "ይህ ጥናት ባዶ ከወጣ ኮንትራታችሁ የሚታደስ አይመስለኝም" ብሎን ነበር። ወርቅ ያገኘ ሰው መባል ፈለግሁ። መሐላዬንም እንጀራዬንም አንድ ላይ ላድን ፈለግሁ። አሸዋውን ከአርባ ሰባት ወደ ስልሳ ሁለት፣ ከስልሳ ሁለት ወደ አርባ ሰባት ገለበጥሁት። ለምን ስልሳ ሁለት? ከእጄ አጠገብ የነበረችው ከረጢት እሷ ስለሆነች ነው። "የገበሬ እርሻ ነው፤ ማን ይነካዋል" አልሁ ለራሴ። ቀትር ነበር፤ ሰው በመንገዱ ይመላለስ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። ደኑ ውስጥ ምንም የለም ተባለ፤ በሕግ ተዘጋ። ከደኑ ውጭ ግን ቁጥር ስልሳ ሁለት ላይ ወርቅ አለ ተባለና በካርታው ላይ በቀይ ቀለም ትንሽ ክብ ተደረገችበት። አቶ ተስፋዬ አቅፎ ሳመኝ። እኔም ቋሚ ሆንሁ። በዚያው ዓመት ጥቁር ኮት አሰፋሁ፤ አገባሁ። የሠርጌ ቀን ሰው "ወርቅ ያገኘው" እያለ ነበር የጨፈረልኝ።

ለጥቂት ዓመት ያችን ቀይ ክብ ማንም አላያትም። ኋላ ከመሥሪያ ቤቱ አንዱ ካርታውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ አወጣው ይባላል፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ወሬው ገበሬው ዘንድ ደረሰ። ፈንታ በሬዎቹን ሸጠ፤ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ከጅረቱ ዳር መቆፈር ጀመረ። ባዶ ሲሆንባቸው ወርቁ ከታች ነው ብለው እየጠለቁ ሄዱ። ሐምሌ ላይ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ተናደባቸው።

ይህን የነገረኝ አያ ውበት ነው። ከመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ያው ካፖርት፣ ፀጉሩን ለሐዘን ተላጭቶ። ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድሁት።

"በሦስተኛው ቀን አወጣናቸው" አለኝ። "ፈንታ እጁን ጨብጦ ነበር። ቄሱ ጣቶቹን ሲያላቅቁ ውስጡ አሸዋ ነው። ታደሰ፣ ሬሳው እፊታቸው ተጋድሞ ሰዉ ሁሉ አሸዋው ውስጥ ወርቅ ይፈልግ ነበር።"

"አያ ውበት..."

"ቆይ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የኔ ውሃ ወርቅ እንዴት አድርጎ እህቴ ደጃፍ ሄደ?"

ነገርሁት። ሁሉንም። ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ውሃውን እያየ ተቀመጠ፤ ከዚያ "እኔ ነኝ ያስማልሁህ" አለ። "እኔ ነኝ የገደልሁት።" አይደለም ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ለአስካል እንንገራት አልሁት። "ምን ብለን? ባልሽ በከንቱ ሞተ ብለን? አሁን ሁለት ክንድ ቀርቶት ነበር እያለች ነው የምትጽናናው። እሱንም እንውሰድባት?" ዝም ማለት ይሻላል ተባባልን። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ተገናኘን። በየዓመቱ የፈንታ ሙት ዓመት ላይ እየሄደ ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው እሱ እንደነበር ሰው ነግሮኛል። ኋላ ሳንባው ታሞ እዚያው ደኑ ዳር ሞተ።

እንግዲህ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ይህ ሁሉ በልቤ ሲመላለስ፣ አስካል ስለ ልጇ ጉድጓድ ማውራቷን አላቆመችም። ሰባት ቁመት ያህል ደርሷል፤ ገመዱ አዲስ ነው፤ እኔ እፈራለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም። ክረምቱ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር የቀረው። ፋሻችን ተፈቶልን ስንወጣ ከግቢው ዛፍ ሥር እንድትቀመጥ ለመንኋትና ነገርኋት። አሁን የጻፍሁትን ያህል እንኳ አላስረዘምሁትም። አሸዋውን ገለባበጥሁት፤ እናንተ ደጃፍ ወርቅ ኖሮ አያውቅም፤ ፈንታ የሞተው በኔ ነው።

ገና በተፈታ ዓይኗ ፊቴን አየችው። እንባ አልወጣትም።

"ውበት ያውቅ ነበር?" አለች።

ይህን ትጠይቃለች ብዬ አልጠበቅሁም። መዋሸት እችል ነበር።

"ፈንታ ከሞተ በኋላ አወቀ።"

"ያን ሁሉ ዓመት።"

"አዎ።"

ነጠላዋን አጣፋችና ተነሳች። "ልጄ ዘንድ ይሄዳሉ" አለችኝ፤ እርስዎ ብላ። "እኔ ብነግረው እናትነቴ ነው ብሎ አያምነኝም። እርስዎ በአፍዎ ይነግሩታል።"

በጸጥታ ችግር የተዘጋው መንገድ የሚከፈትበትን ቀን ጠብቀን በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ጅረቱ ያው ነው። ከቤቱ በታች ያለው እርሻ ግን በአሮጌ ጉድጓድ ተበሳስቷል፤ ከመሐሉ ሙላት እንደገና የከፈተው የአባቱ ጉድጓድ አለ። አፉ ዙሪያ መሬቱ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ ማስገባት እችል ነበር።

"ሙላት! ውጣ፣ እንግዳ መጥቷል!" ብላ ጮኸች።

በገመዱ ወጣ። ጭቃ ለብሶ፣ ዓይኑ ብቻ ነጭ ሆኖ፤ አባቱን ቁርጥ ነው። ባልንጀራው ከላይ ገመዱን ይዞ ነበር፤ ሁለቱም ሰሙኝ። ስጨርስ ሙላት ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። አሥር ጊዜ ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የኛው ካርታ ነው፤ ቀዩ ክብ ጠቁሯል።

"ይህ የመንግሥት ማኅተም ነው" አለኝ። "እርስዎ ማን ነዎት?"

"አሸዋውን የወሰድሁት እኔ ነኝ። የገለበጥሁትም እኔ ነኝ።"

"አባቴ ታዲያ..."

"ከሥሩ ምንም አልነበረም፤ ሁለት ክንድም ሃያ ክንድም ቢቆፍር ያው ነበር።"

ጎንበስ ብሎ ከቅሉ ውሃ ጠጣ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

"እሺ። ከዚህ ካልሆነ፣ ያ አሸዋ ከየት ነው የመጣው?"

"እሱን አልናገርም። ለአጎትህ ምዬለታለሁ።"

"እንግዲያው ውሸትዎን ነው። ሰው ለራሱ ሲፈልገው ነው የለም የሚል።" ገመዱን ጨበጠ፤ አንድ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አወረደ። ከጠርዙ ላይ ጓል ተቦጭቆ ወደ ታች ወረደ፤ መሬት እስኪነካ ብዙ ቆየ።

አስካል አልጮኸችም። እኔን ነው ያየችኝ።

"ይንገሩት።"

"አስካል፣ የውበት ውሃ እኮ ናት።"

"ውበት ሞቷል። ይህ አልሞተም። ይንገሩት።"

ነገርሁት። ሽመሉን፣ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን የአውሬ መንገድ። ሙላት እግሩን ከጉድጓዱ አወጣ። ባልንጀራው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

በዚያው ሳምንት ሰባት ሆነው ሄዱ። ፋሲካ ሳይደርስ ግን እዚያ የላስቲክ ድንኳን ከተማ ሆኗል አሉ፤ ሻይ ቤት፣ ጄነሬተር፣ የሞባይል ካርድ ሻጭ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ምን ያደርጋሉ? ወደዚያ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ዘንዘልማ ጎረቤቴ ነው፤ በመጣ ቁጥር እሱ ይነግረኛል። ሽመሉ ተቆርጦ ለጉድጓድ መደገፊያ ሆኗል። ወርቁን በባዜቃ፣ በሜርኩሪ፣ ያጥባሉ፤ ውሃው እንደ አተላ ነው፤ ፍየሎች ጠጥተው ሞተዋል። ዝሆኖቹ በበጋው መጨረሻ መጥተው ነበር አለኝ። ከርቀት ቆመው ቆመው አንዲት ተኩስ ሲሰሙ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። እኔ ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው ነው የሚነግረኝ፤ ምን እንዳደረግሁ አያውቅም።

ሙላት ትቶት የሄደው ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ተናደ። ማንም አልነበረበትም።

መስከረም ላይ አስካል ቤቴ መጣች። አፈላልጋ ነው፤ ከዋናው መንገድ ጀምራ ሰው እየጠየቀች። አዲስ ጫማ ተጫምታለች፤ ሙላት ገዝቶላት መሆን አለበት። ባለቤቴ ግቢ፣ እህል ቅመሽ ብትላት "አይ፣ አልቀምስም፤ አልቀመጥም" አለች። ከበራፉ ውጭ አብሬአት ቆምሁ። ሙላት እንዴት ነው አልኋት። ደህና ነው፣ ቤቴን ቆርቆሮ አልብሶልኛል አለች።

"አስካል፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ..."

"እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁ" ብላ አቋረጠችኝ። "ስለ ፈንታ፣ ሚስቱ እኔ ነኝ፤ ይቅር ብዬዎታለሁ። እግዜርም ይስማኝ። የውበትን ውሃ ግን እኔም አብሬዎት ነው የሰጠኋት። እሷን ይቅር የምል እኔ ማን ነኝ? እኔንም ይቅር የሚለኝ አጥቻለሁ።"

ባጃጅ እስኪመጣላት ድረስ መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ቆምን።